ከወረቀት ሙግት እስከ ዳቦ ጋጋሪነት፦ የጆን ሌኖን የመጨረሻ አልበም ለስደተኛ አባት ምን ይነግረዋል?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዘወር ብለን ስለ አንድ የሙዚቃ አልበም እናወራለን። «እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፈረንጅ ዘፈን ተንታኝ የሆናችሁት?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱን። ነገሩ ዘፈን ብቻ አይደለም። ውስጡ የመኖሪያ ወረቀት አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ የተረሳ የመጀመሪያ ልጅ አለ፣ ሥራውን ትቶ ሁለተኛ ልጁን ያሳደገ አባት አለ። ይሄ ሁሉ የኛም ቤት ወሬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ታክሲ ውስጥ ነው። ዲሴምበር ላይ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ ከኤርፖርት አንድ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ጫንን። ሬዲዮው ላይ ቀስ ያለ ዘፈን መጣ። ሰውየው «እባክህ ድምፁን ከፍ አድርገው» አሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ይሄን የዘፈነው ለልጁ ነው። በወጣ በሦስት ሳምንቱ ተገደለ» አሉን። ቀጥለው «አንተስ ልጆች አሉህ?» ብለው ጠየቁ። አሉን አልን። «ስንት ሰዓት ነው የሚተኙት?» ሲሉ ግን መልስ አጣን። ስንወጣ ተኝተው፣ ስንገባም ተኝተው ነው የምናገኛቸው። ሰውየውን ካደረስን በኋላ መኪናውን ጥግ አስይዘን ዘፈኑን በስልካችን ፈለግነው። ከዚያ አልበሙን ሙሉ ሰማን፣ ታሪኩንም አነበብን። ያገኘነውን ዛሬ እናካፍላችሁ። (ዘመናቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማነው?

ጆን ሌኖን የቢትልስ ባንድ መሥራች ነው። በ1940 በእንግሊዝ የወደብ ከተማ ሊቨርፑል ተወለደ። አባቱ የመርከብ ሠራተኛ ነበር፣ ቤት አይገኝም። ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ሚሚ ናት። እናቱ ጁሊያ በቅርብ ትኖር ነበርና እያደገ ሲሄድ ይቀራረቡ ጀመር። ግን በ1958፣ እሱ ገና 17 ዓመቱ እያለ፣ መኪና ገጭቶ ገደላት። እንግዲህ አስቡት፤ አባት በባሕር፣ እናት በመንገድ ላይ የተወሰዱበት ልጅ ነው።

በ1963 የመጀመሪያ ሚስቱ ሲንቲያ ወንድ ልጅ ወለደችለት፣ ጁሊያን ይባላል። ያ ዓመት ቢትልስ እንግሊዝን ያነቃነቁበት ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ገቡ። ሌኖን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሆነ። አባቱ እሱን እንዳላሳደገው ሁሉ እሱም ልጁን አላሳደገም። በ1968 ያ ትዳር ፈረሰ። በማርች 1969 ከጃፓናዊቷ ሠዓሊና ሙዚቀኛ ዮኮ ኦኖ ጋር በጂብራልታር ተጋቡ። በሚቀጥለው ዓመት ቢትልስ ተበተነ።

«ሚስት ትቆይ፣ ባል ይውጣ»

በ1971 ሁለቱ ኒውዮርክ ገቡ። ዮኮ ከቀድሞ ባሏ የወለደቻት ሴት ልጅ ነበረቻት፣ አባትየው ይዟት ጠፍቶ ነበር። እሷን ፍለጋ አሜሪካ መቆየት ነበረባቸው። የያዙት ቪዛ ግን ጊዜያዊ ነበር። በ1972 መጀመሪያ ቪዛው ሲያልቅ መንግሥት ከአገር የማስወጣት ክስ ከፈተባቸው።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ሌኖን በ1968 ለንደን ላይ ሀሺሽ ይዞ ተገኝቶ 150 ፓውንድ መቀጣቱ ነው። ከጀርባ ያለው ሌላ ነው። 1972 የምርጫ ዓመት ነበር። ከ18 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወጣቶች በመላው አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ነው። ሌኖን ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ይቃወማል፣ ወጣቱም ይሰማዋል። ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ሰውየውን ከአገር ማስወጣት ጥሩ መላ እንደሚሆን የሚጠቁም ማስታወሻ ለኒክሰን አስተዳደር ላኩ። ይህ ኋላ ላይ በሰነድ ወጥቷል።

በማርች 1973 የኢሚግሬሽን ዳኛው ውሳኔ ሰጡ። ዮኮ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘች። ባሏ ግን በ60 ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ። ሚስት ትቆይ፣ ባል ይውጣ! ይሄን ስናነብ ስንቱ የምናውቀው ሰው ፊታችን ላይ መጣ። እሱ ሀብታም ነው፣ ዝነኛ ነው፤ ፖስታ ሳጥን በከፈተ ቁጥር ልቡ የሚመታው ግን እንደኛው ነበር።

ጠበቃቸው ሊዮን ዋይልድስ ይባላል። ጉዳዩን ሲይዝ እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆኑ በቅጡ እንደማያውቅ እሱ ራሱ ተናግሯል። ግን ጎበዝ ነበር። መንግሥት በውስጥ አሠራሩ አንዳንድ ሰዎችን ሰብአዊ በሆነ ምክንያት «ቅድሚያ የማይሰጠው ጉዳይ» ብሎ ሳያባርር እንደሚተዋቸው አወቀ። መሥሪያ ቤቱ ይህን አሠራር በይፋ አያሳውቅም ነበር። ዋይልድስ በመረጃ ነፃነት ሕጉ ተከራክሮ ሰነዱን አስወጣ። ያ አሠራር ዛሬ «ዲፈርድ አክሽን» የምንለው ነው። በ2012 በልጅነታቸው አሜሪካ ለገቡ ወጣቶች የተፈቀደው «ዳካ» የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ በዳካ የሚሠራ፣ በዳካ የሚማር ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ የዚህ ዘፋኝ ጉዳይ እሱንም ነክቶታል ማለት ነው።

ኦክቶበር 7 ቀን 1975 የይግባኙ ፍርድ ቤት ለሌኖን ፈረደ። በድብቅ የፖለቲካ ምክንያት ሰው እየመረጡ ማባረርን ፍርድ ቤቱ በዝምታ እንደማያልፈው ገለጸ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 9፣ ዮኮ ወንድ ልጅ ወለደች። ሾን ተባለ። ቀኑ የራሱ የሌኖን 35ኛ ልደት ነበር። በጁላይ 27፣ 1976 ግሪን ካርዱ እጁ ገባ።

አምስት ዓመት ቤት ውስጥ

እኛ ወረቀት ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድነው? ሁለተኛ ሥራ እንፈልጋለን። እውነት እንነጋገር፣ ሦስተኛም የሚፈልግ አለ። ሌኖን ግን ልጁ ሲወለድ ሙዚቃውን አቆመ። ከሪከርድ ኩባንያው ጋር የነበረው ውል በ1976 አበቃ፣ አላደሰውም። «ቤት የምውለው እኔ ነኝ» አለ። ቢሮውንና ገንዘቡን ዮኮ ያዘች። ሕንፃ ትገዛለች፣ እርሻ ትገዛለች፣ ላም ታረባለች። ከላሞቿ አንዷ በ1980 ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጣለች። አዎ፣ አንድ ላም!

ሰውየው ደግሞ የልጁን የምግብ ሰዓት ይቆጣጠራል፣ ያስተኛል፣ ዳቦ ይጋግራል። የመጀመሪያውን ዳቦ ሲያወጣ ደስ ብሎት ፎቶ እንዳነሳው በ1980 ቃለ ምልልሱ ላይ ተናግሯል። ግን እዚያው ላይ ሌላም ነገር አለ። ጋግሮ ሲያቀርብ ሁሉም በልቶ ይነሳል፣ ነገም ያው፣ ከነገ ወዲያም ያው። ሴቶች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ሽልማትና ጭብጨባ የሌለው መሆኑን ያኔ እንደገባው በቀልድ አድርጎ አወራው። እናቶቻችን እንጀራ ጋግረው፣ ወጥ ሠርተው፣ ምሳ አንስተው ለእራት ሲነሱ ስንቶቻችን ነን ልብ ያልነው?

ባሕሩና አበባው

በጁን 1980 ሌኖን በትንሽ የመርከብ ጀልባ ከሮድ አይላንድ ወደ ቤርሙዳ ተጓዘ። መሐል ባሕር ላይ ማዕበል ተነሳ። አብረውት የነበሩት ልምድ ያላቸው ባሕረተኞች አንድ በአንድ ታመው ወደቁ። መሪውን እሱ ያዘ። ማዕበሉ እየመታው ለሰዓታት መራ። አባቱን የወሰደበትን ባሕር በ39 ዓመቱ ራሱ ተሻገረው እንበል።

ቤርሙዳ ሲደርስ ሾን መጥቶ ተቀላቀለው። ዮኮ ለሥራ ኒውዮርክ ቀርታለች። እዚያ ሆኖ የአምስት ዓመቱ ዝምታ ተሰበረና ዘፈን መጻፍ ጀመረ። አንድ ቀን ዮኮ ጋ ቢደውል ቢደውል መስመር አልገናኝ አለው። ከዚያ ንዴትና ፍርሃት «እያጣሁሽ ነው» የሚል ዘፈን ወጣ። ወገኖቼ፣ ስልክ እምቢ ሲል ሆድ እንዴት እንደሚባባ ለስደተኛ አይነገርም። በካርድ እየደወልን ሳንቲሙ ሲያልቅ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ «ምን ሆነው ይሆን?» ስንል ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ።

አንድ ቀን በቤርሙዳ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ሲዞር አንድ አበባ አየ። የፍሪዥያ ዝርያ ነው። ስሙ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፦ «ደብል ፋንታሲ»። ድርብ ሕልም እንደማለት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያልሙት። የአልበሙን ስም ከዚያ ወሰደው።

አልበሙ እንዴት ተሠራ?

በኦገስት 1980 ኒውዮርክ ውስጥ «ሂት ፋክተሪ» በሚባል ስቱዲዮ ቀረጻ ተጀመረ። ፕሮዲዩሰሩ ጃክ ዳግላስ ነው። የሾን ፎቶግራፍ ስቱዲዮው ውስጥ ተለጥፎ ነበር፣ አባትየው እያየው ይሠራል። ሙዚቃውን ያሳተመው ዴቪድ ጌፈን ዘፈኖቹን ሳይሰማ ነው የተስማማው፤ የተነጋገረውም ከዮኮ ጋር ነው።

አልበሙ ኖቬምበር 17፣ 1980 ወጣ። 14 ዘፈኖች አሉት፤ ሰባቱ የእሱ፣ ሰባቱ የእሷ ናቸው። የተደረደሩትም እየተቀባበሉ ነው፣ ልክ ባልና ሚስት ሳሎን ቁጭ ብለው እንደሚነጋገሩ። እሱ «እያጣሁሽ ነው» ሲል፣ ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው የእሷ ዘፈን «እኔማ መንገዴን ቀጥያለሁ» ዓይነት መልስ ነው። እሱ ለልጁ ይዘፍናል፣ እሷ ደግሞ ቆይታ ለልጁም ለአባትየውም አንድ ላይ ትዘፍናለች። እሱ ሴቶችን ሁሉ በሚስቱ በኩል የሚያመሰግንበት ዘፈንም አለ። ሰዎች «ለምን ከመድረክ ጠፋህ?» እያሉ ለጨቀጨቁት መልስ የሚሰጥበትም አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1970 ባወጣው አልበም ስለ እናቱና ስለ አባቱ የዘፈነው የመጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተው በከባድ የቀብር ደወል ነው። ይሄኛው አልበም ደግሞ በትንሽ፣ ጠራ ባለች ደወል ይከፈታል። ሆን ብሎ ያደረገው ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከለቅሶ ቤት ወደ ልጅ ቤት ተሻገረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ። አልበሙን መጀመሪያ የሰማነው የዮኮን ዘፈኖች እየዘለልን ነው። ድምፅዋ ለጆሯችን እንግዳ ሆነብን፣ «ቀጥሎ የእሱ ይምጣ» እያልን ጣታችን ስልኩ ላይ ነበር። በኋላ ነው የነቃነው። ስለ ትዳር የተሠራ አልበም ቁጭ ብለን እየሰማን የሚስትየዋን ድምፅ እየዘለልን! ለካ ቤታችንም የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ስትናገር «እሺ፣ እሺ» እያልን የራሳችን ተራ እስኪደርስ ነው የምንጠብቀው። ሁለተኛ ጊዜ ሳንዘል ሰማነው። የሌኖን ዘፈኖች ትርጉም የሚሰጡት ከእሷ መልስ ጋር ሲሆን ብቻ ነው።

ትችቱም መነሳት አለበት

ዝም ብለን ብናሞግሰው ለእናንተ ታማኝ አንሆንም። አልበሙ እንደወጣ ብዙ ሐያሲዎች አልወደዱትም። በተለይ በእንግሊዝ «ሀብታም ሰው ስለ ደስታው ይዘፍንልናል፣ ለኛ ምን ሊረባን?» ዓይነት ትችት ቀርቧል። ትችቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሰውየው ቤት ዋለ ሲባል ሞግዚት፣ ረዳትና ሠራተኛ ባለበት ቤት ነው። የቤት ኪራይ አያስጨንቀውም። እኛ አምስት ዓመት አይደለም፣ አምስት ቀን ሥራ ብናቆም የመኪናው ክፍያ ይደርስብናል።

ከዚህ የሚከብደው የጁሊያን ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ልጁ አባቱ ለዓለም ስለ ሰላምና ስለ ፍቅር እየሰበከ ለሱ ግን ያንን እንዳላሳየው አድጎ በይፋ ተናግሯል። ሾን ያገኘውን አባት ጁሊያን አላገኘም። ሌኖንም ቢሆን ያለፈውን አልሸሸገም። በወጣትነቱ ሴት ላይ እጁን ያነሳ እንደነበር፣ በዚህም እንደሚጸጸት በዚያው በ1980 ቃለ ምልልስ አምኗል። ከዮኮም ጋር ከ1973 ጀምሮ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተለያይተው ነበር።

ስለዚህ ይህ አልበም የፍጹም ባል መዝሙር አይደለም። አጥፍቶ፣ ወድቆ፣ ተባርሮ የተመለሰ ሰው ሥራ ነው። የኛ ዘፈኖች በአብዛኛው ወይ ስለ ናፍቆት ናቸው፣ ወይ ስለ ሠርግ። ትዝታው አለ፣ ሙሽራዬው አለ። ሠርጉ አልፎ በአሥረኛው ዓመት፣ ሳህን ማን ይጠብ በሚባልበት ሰዓት ያለውን ፍቅር የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሌኖንና ዮኮ የሞከሩት እሱን ነው። ለዚህ ነው ከነጉድለቱ የወደድነው።

ዲሴምበር 8

አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ዲሴምበር 8፣ ሌኖን ውሎው ሥራ ነበር። ጠዋት ፎቶግራፍ ተነሳ፣ ለሬዲዮ ቃለ ምልልስ ሰጠ። አመሻሽ ላይ ከሚኖሩበት ዳኮታ ሕንፃ ሲወጣ አንድ ወጣት አልበሙን ይዞ ቆሞ አገኘው፣ ፈረመለት። ከዮኮ ጋር ስቱዲዮ ገብተው በእሷ ዘፈን ላይ ሲሠሩ አመሹ። ሲጨርሱ ውጭ እራት ከመብላት ይልቅ ሾን ሳይተኛ ለመድረስ ወደ ቤት መሄድን እንደመረጠ ዮኮ በኋላ ተናግራለች። ምሽት አምስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው በር ላይ ሲደርሱ ያው ያስፈረመው ሰው እየጠበቀ ነበር። ከጀርባው ተኩሶ ገደለው። ሌኖን 40 ዓመቱ ነበር። ሾን አምስት።

አልበሙ ከዚያ በኋላ በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1982 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ሲሸለም ዮኮ ሾንን ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ዛሬ ከዳኮታ ፊት ለፊት ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለመታሰቢያው የተሰየመ ቦታ አለ፣ ኒውዮርክ የሄደ ሁሉ ያየዋል።

ታዲያ ለኛስ?

እንግዲህ «ሥራ አቁሙና ዳቦ ጋግሩ» ልንላችሁ አይደለም። ኪራዩን እናውቀዋለን፣ አገር ቤት የሚጠበቀውንም እናውቃለን። በዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን ደግሞ የሰው ልጅ እያሳደጋችሁ የራሳችሁን በስልክ የምታሳድጉ ናችሁ፤ ለእናንተ ምክር የመስጠት መብቱም የለንም።

ግን አንድ ነገር አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገራችን ሰው። «ለልጆቼ ስል ነው የምሮጠው» እንላለን፣ እውነትም ነው። ልጁ ግን የሚያየው ሩጫውን ሳይሆን ባዶውን ወንበር ነው። ሌኖን ለጁሊያን ገንዘብ አላጣም ነበር። ያጣው ጊዜ ነው። ለሾን የሰጠው ደግሞ አምስት ዓመት ብቻ ሆነ። እነዚያን አምስት ዓመታት «በኋላ አደርገዋለሁ» ብሎ ቢያስተላልፋቸው ኖሮ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኛ ከዚያች ሌሊት በኋላ አንድ ነገር ቀየርን፣ ትልቅ ነገር አይደለም። ማክሰኞ ማታ መኪናውን አናወጣም። ማክሰኞ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ የሚቀርብን ገንዘብ አለ ግን አይጎዳንም። መጀመሪያ ቀን ትንሹ ልጃችን «አባዬ ታመሃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ቤት የተገኘነው ስላመመን መስሎት! አሁን ለምዶታል። ማክሰኞ ሲሆን መጽሐፉን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል፣ አማርኛውን አብረን እናነባለን፣ ሳህኑንም አብረን እናጥባለን። ባለቤታችንም ያን ቀን ቁጭ ብላ ትናገራለች፣ እኛም ሳንዘል እንሰማለን።

እናንተስ? ለቤታችሁ የተዋችሁት ቀን አለ? ቀኑ ባይገኝ ሰዓቱ አለ? ሥራ በሁለት ከተማ የለያያችሁ ባልና ሚስት እንዴት ነው የምትይዙት? ከሥር ጻፉልን፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አስተያየታችሁን እያነበብን እንወያያለን። ጽሑፉ ይጠቅመዋል የምትሉት ታክሲ ነጂ፣ ነርስ፣ ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ካለ አድርሱት።

እስከዚያው በያላችሁበት ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁን እግዜር ያሳድግላችሁ። ቸር ይግጠመን።